ሥራም ደጃፍ ይኑረው

ልጆቼ፣ ይህ ምክር ከቤታችሁ ሳትወጡ ለባሕር ማዶ ለምትሠሩት ነው። ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂ፣ ከሰሚት እስከ ጎሮና አያት፣ በየኮንዶሚኒየሙና በየኪራይ ቤቱ መስኮታችሁ ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ እናያለን። እናቶቻችሁም ያያሉ፤ ምን እንደሚሏችሁ ግን ይቸግራቸዋል፤ "ሪሞት ነው የምሠራው" ከማለታችሁ በቀር ስለ ሥራችሁ የሚያውቁት ትንሽ ነውና። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈራችን ዕድር ዳኛ ሆኜ ስለማገለግል ከብዙዎቻችሁ ጋር ቁጭ ብዬ የመጫወት ዕድል አግኝቻለሁ። ከእናንተ የሰማሁትንና በዕድሜዬ ያየሁትን አንድ ላይ አድርጌ ልነግራችሁ ነው። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ እኔ ደግሞ ከመከራው በፊት ልድረስ ብዬ ነው።

ሥራችሁን ልነቅፍ አልተነሣሁም። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው ነው፤ እናንተም ሠሪዎች ናችሁ። እኛ በእናንተ ዕድሜ ማመልከቻ ይዘን ከቢሮ ቢሮ ስንንከራተት፣ ደጅ ስንጠና ነው የኖርነው። እናንተ ግን በአንድ ላፕቶፕና በዋይፋይ፣ ፓስፖርት ሳታወጡ፣ የሰው አገር ገበያ ገብታችኋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር ሲያልፍ፣ በዶላር የሚከፈለው ልጅ የቤቱ ምሰሶ ሆነ። በዚያው ሐምሌ መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር ሆኖ 5 ሚሊዮን ኮደሮችን የማሠልጠን ዕቅድ ይፋ አድርጓል፤ እንግዲህ ቁጥራችሁ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። የእህቱን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚከፍል፣ የአባቱን የስኳር መድኃኒት የሚገዛ፣ የቤት ኪራዩን ብቻውን የተሸከመ ልጅ በእኛው ደረጃ ላይ አለ። ይህን ያየ ሰው ሥራችሁን አይንቅም።

የሚያሳስበኝ ሥራችሁ ደጃፍ የሌለው መሆኑ ነው።

እኔ መንግሥት መሥሪያ ቤት ስሠራ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ፈርሜ እገባለሁ፣ 11 ሰዓት ተኩል ፈርሜ እወጣለሁ። ከበሩ ከወጣሁ በኋላ አለቃዬ ቢፈልገኝም እስከ ነገ ጠዋት አያገኘኝም፤ ቤቴ ስልክ አልነበረም። በሩ ለመሥሪያ ቤቱ ብቻ የተሠራ ይመስለን ነበር፤ ለካስ እኛንም ይጠብቀን ኖሯል። የእናንተ ሥራ ግን ራስጌያችሁ ያድራል። ስትነቁ መጀመሪያ የምታዩት እሱን ነው፣ ስትተኙም መጨረሻ የምትለዩት ከሱ ነው።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ አለ። ካሊፎርኒያ ላለ ድርጅት የምትሠራ ልጅ የእነሱ ማለዳ የእሷ ምሽት ነው። እዚያ ሥራ ሲገባ እዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይላል፤ በኅዳር ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱት 2 ሰዓት ይሆናል። ስምንት ሰዓት ሠርታ ስትነሣ ሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ነው። የገርጂ ጊዮርጊስ ካህናት ለኪዳን ሲነሡ እሷ ልትተኛ ትሄዳለች። ለኒው ዮርክ የሚሠራ ትንሽ ይሻለዋል፤ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ጀምሮ ሌሊቱ 6 ወይም 7 ሰዓት ላይ ይጨርሳል። ለለንደን የሚሠራ ከረፋዱ 5 ወይም 6 ሰዓት ስለሚጀምር ራቱን ከቤተሰቡ ጋር ይደርስበታል።

ሌሊት መሥራቱ ብቻውን ባልከፋ። ጥበቃውም፣ ነርሷም፣ አብራሪውም ሌሊት ይሠራሉ፤ ቦሌ አየር ማረፊያ እንቅልፍ የሚባል አያውቅም። ጥበቃውን ግን ሲነጋ ተረኛ ይቀበለዋል፤ ካፖርቱን አውልቆ ይሄዳል፣ ቤቱ ሲደርስም "ሌሊት ሲሠራ አድሮ ነው" ተብሎ ሕፃናቱ ድምፃቸውን ይቀንሱለታል። እናንተን የሚቀበል ተረኛ የለም። ድምፅ የሚቀንስላችሁም የለም።

በእኛ ልማድ ቤት የዋለ ሰው ሥራ ፈት ነው። ስለዚህ ሲሊንደሩን የሚያስሞላው እሱ ነው። የውኃ ወረፋ ሲደርስ ሮቶውን የሚሞላ፣ ቆጣሪ አንባቢ ሲመጣ በር የሚከፍት፣ ከአረብ አገር የምትመጣውን አክስት ከአየር ማረፊያ የሚቀበል፣ ሁሉም እሱ ነው፤ "ቤት ነው ያለው"። ሌሊቱን ሠርቶ እስከ 6 ሰዓት ቢተኛ ደግሞ ጎረቤት ያማዋል። በሌላ በኩል ባሕር ማዶ ያለው አሠሪ ዐይኑን ጥሎበታል። አፕወርክ በሚባለው የሥራ ገበያ በሰዓት የሚከፈለው ሠራተኛ መቁጠሪያውን ሲከፍት፣ በየ10 ደቂቃው ውስጥ የስክሪኑ ፎቶ ይነሣል፣ ፊደል ስንቴ እንደነካና ማውሱን ስንቴ እንዳንቀሳቀሰ ይመዘገባል። እጁ ካልተንቀሳቀሰ ገንዘቡን የሚያጣ ይመስለዋል። ማሰብ ደግሞ እጅ አያንቀሳቅስም። ከሥራው ሁሉ የከበደውን፣ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ ጣሪያ እያየ የሚያወጣ የሚያወርድበትን ሰዓት፣ እንደ ሌባ በስጋት ያሳልፈዋል።

ይህ ልጅ እንግዲህ ሥራ ፈት አለመሆኑን በቤትም በውጭም ሲያስመሰክር ይኖራል። ቤቱ ውስጥ ምስክር ይቆጥራል፣ ስክሪኑ ላይ ምስክር ይቆጥራል። ከድካሙ ይልቅ ይህ ነው ያሰለቸው።

አባቶቻችን ስንፍናን ይጠሉ ነበር፤ "ሥራ አልፈታሁም" ለማለት ብቻ መባተልንም ግን ያውቁታል። "ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት" አለች አንዲት እናት ይባላል፤ እጇ ባዶ ከሚሆን የልጇ ትዳር ቢፈርስ መረጠች። "ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል" ይሉም ነበር። ሰው እነዚህን ተረቶች ሲተርት ይስቃል። እኔ ግን ውስጣቸው ሐዘን አያለሁ፤ መቀመጥ ያቃተው ሰው ደኅናውን ነገር ካላፈረሰ አያርፍም። ከእናንተም አንዳንዶቻችሁ ቆባችሁን ስትቀዱ አይቻለሁ። ሥራው አልቆ ሳለ መስመር ላይ መሆናችሁን የምታሳየው አረንጓዴ ነጥብ እንዳትጠፋ ብቻ የምትከፍቱት ፋይል፣ ማንም ያልጠየቃችሁ ሪፖርት፣ እሑድ ማታ ራት ላይ ሆናችሁ የምትመልሱት መልእክት አለ። አሠሪው ሰኞ ነው የሚያነበው። እናታችሁ ግን ያቀረበችው ምግብ ሲቀዘቅዝ ያኔውኑ አይታዋለች።

የመንገዱ ሰዓትስ? ከአያት ሜክሲኮ፣ ከቦሌ አራብሳ ፒያሳ የሚመላለስ ሠራተኛ ጠዋት ሰልፍ አለበት፣ መገናኛ ወርዶ ሌላ ሰልፍ አለበት፣ ማታም ያው ነው። በ2008 ዓ.ም. ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው ባቡር ሥራ ሲጀምር ተገላገልን ብለን ነበር፤ ሕዝቡ ከባቡሩ በለጠ እንጂ። እናንተ ከዚህ ሁሉ አምልጣችኋል። ታዲያ ያ ሁሉ የተረፈ ሰዓት የት ገባ ብዬ ስጠይቃችሁ ትተያያላችሁ። ለሥራው ነው የሰጣችሁት፤ ማንም ሳይጠይቃችሁ፣ በውላችሁም ሳይጻፍ። በታክሲ ሰልፍ የሚያልቀው ሰዓት ቢያንስ የማንም አልነበረም፤ ሰው ጋዜጣ ያነብበት፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ያወጋበት ነበር።

ብዙ በጥቂት ድካም ስለማምረት ማሰብ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ፣ ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው "መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር" በተባለው መጽሐፋቸው፣ ዕውቀት የጎደለው ሕዝብ ብዙ ደክሞ ጥቂት እንደሚያገኝ አስረድተው ነበር። አሳባቸው ትክክል ነው፤ ዕውቀት የሚፈለገው ድካምን እንዲያቃልል ነው። በእኛ የሥራ ዘመን ደግሞ ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ መጣ፤ የሥራ ሂደት እያልን ስንቆራርጥና ስንቀጥል ዓመታት አለፉ። ከዚያ ብክነትን ቀንሶ አሠራርን የማሻሻል ዘዴ የሆነው ካይዘን መጣ። ጥቅምት 2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ፣ በየፋብሪካውና በየቢሮው ግድግዳ ላይ የሰባቱ ብክነቶች ዝርዝር ተለጠፈ። ከሰባቱ አንዱ መጠበቅ ነው፤ ሁላችንም በቃላችን የያዝነው እሱን ነበር፤ ተቀምጦ የተገኘ ሠራተኛ ሁሉ በሱ ይገሠጽ ነበርና። በዚያው ዝርዝር ላይ ሌላ አለ፤ ከሚያስፈልገው በላይ ማምረት። ቶዮታ ውስጥ ይህን ዝርዝር የቀረጹት ታይቺ ኦኖ ከሰባቱ ሁሉ የከፋው እሱ ነው ብለው አስተምረዋል፤ የተረፈው ምርት መጋዘን ይፈልጋል፣ ተሸካሚ ይፈልጋል፣ ጉድለትንም ይሸፍናል። ልጆቼ፣ የዓለም ሁሉ የምርታማነት መምህር የሆነው ሰው ከልክ በላይ ማምረትን ከብክነት አንደኛ አድርጎ ከቆጠረ፣ እናንተ ከልክ በላይ መሥራትን በማን ትእዛዝ ነው እንደ ጽድቅ የያዛችሁት?

እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆን ሜይናርድ ኬይንስ በ1930 እ.ኤ.አ. በጻፉት ጽሑፍ፣ ከ100 ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቻችን በሳምንት 15 ሰዓት ብቻ ሠርተው ይኖራሉ ብለው ነበር። 100 ዓመቱ ሊሞላ ነው። በእነሱ አገር ሀብቱ እንዳሉት መጣ፤ ሰዓቱ ግን አልመጣም። እኔ ምክንያቱን ሳስበው "ይበቃል" የሚል ስለጠፋ ይመስለኛል። ወዳጅህ ማር ቢሆን ጨርሰህ አትላሰው የተባለው ለወዳጅ ብቻ አይደለም። ለራስ ጉልበትም ነው።

ዱሮ ለጊዜ ወሰን የሚያበጅለት ነበረው። ገበሬው በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ ሞፈርና ቀንበር አያነሣም። በዓል በዛ፣ አገር በዚህ ደኸየ ያሉ ሰዎችም ተነሥተው ነበር፤ ያሉት ሁሉ ሐሰት አልነበረም፤ መኸር ደርሶ ዝናብ ያንዣበበ ጊዜ ማረፍ ዋጋ ያስከፍላል። ነገር ግን በዚያ ሥርዓት ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር ነበረ። ያረፈ ሰው ሰበብ አያቀርብም። ለምን አልሠራህም የሚለው የለም። ሁሉም ባንድ ቀን ስለሚያርፉ፣ እኔ ሳርፍ ጎረቤቴ ይቀድመኛል የሚል ሥጋት በማንም ልብ አይገባም። የሙስሊም ወንድሞቻችንም ጁምዓ እንዲሁ ነው፤ ሱቁ ይዘጋል፣ የገባ ሁሉ ባንድ ሰዓት ገብቶ ባንድ ሰዓት ይወጣል። ቡናውም ቢሆን አቦል ተጠጥቶ፣ ቶና ተጠጥቶ፣ በረካ ሳይደርስ የሚነሣ ሰው ነውር እንደሠራ ነበር የሚታየው።

እናንተ ይህን ሁሉ ብቻችሁን መወሰን አለባችሁ። ለዚህ ነው የከበዳችሁ። ብርታት አጥታችሁ አይደለም፤ መንደር በሙሉ ይሸከመው የነበረውን ወሰን አንድ ሰው እንዲሸከመው ተደረገ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ስለዚህ ደጃፉን ብቻችሁን አትሥሩት። በአንድ ብሎክ ሦስትም አራትም ሆናችሁ ለውጭ የምትሠሩ አላችሁ፤ እርስ በርሳችሁ ግን አትተዋወቁም፤ ከፎቅ ፎቅ በር ዘግታችሁ ነው የምትኖሩት። ተፈላለጉ። የዕረፍት ቀናችሁን አንድ አድርጉት። እሑድ ካልተመቸ ሌላ ቀን ይሁን፤ ብቻ አንድ ቀን ይሁን፤ ላፕቶፑ የማይከፈትበት፣ አንዱ ሌላውን "ዛሬ እንዳትከፍት" የሚልበት። ገንዘባችሁን በዕቁብ እንደምታስተባብሩት ዕረፍታችሁንም አስተባብሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያሉት ለዚህ ዓይነቱም ያገለግላል። በየቤታችሁ ደግሞ ሥራው ቦታ ይኑረው። ጠባብ ቤት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስቱዲዮ ውስጥ ቢሮ ከየት ይመጣል? አንድ ጥግና አንድ ወንበር ግን አይጠፋም። ሰዓቱ ሲያበቃ ማሽኑን ዘግታችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ ክተቱት፤ ጠረጴዛው ላይ ክፍት ሆኖ አይደር። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ልብሳችሁን ለብሳችሁ ውጡና እስከ ዳቦ ቤቱ ደርሳችሁ ተመለሱ። ከፒጃማ ወደ ስብሰባ አትግቡ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ባለፈው ዓመት በሰፈራችን አንዲት እናት ዐርፈው ድንኳን ተጥሎ ነበር። ከሳቸው ጋር በአንድ ደረጃ የሚኖር፣ ለለንደን የሚሠራ ልጅ መጥቶ ወንበር ሲደረድር ቆየና ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ባንድ ጆሮው ነጭ ማዳመጫ ሰክቷል። ንፍሮ ሲቀርብለት በእጁ ምልክት ሰጥቶ አሳለፈው። ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ በአውራ ጣቱ ይጽፋል፤ ዐይኑ ቀልቷል፣ አልቅሶ ይሁን እንቅልፍ አጥቶ ለመለየት ያስቸግር ነበር። ቀረብ ብዬ "ምነው ልጄ?" ብለው፣ "አባባ፣ ሚቲንግ ላይ ነኝ፤ ማይኬን አጥፍቼዋለሁ" አለኝ በሹክሹክታ። ለቅሶ ላይ ነኝ ብትላቸውስ አልኩት። "ዘመድህ ናት ወይ ቢሉኝ ምን እላለሁ? ጎረቤት ናት ብል አይገባቸውም" አለኝ።

ልጁን አልወቀስኩትም። መጥቷል፤ ያልመጡ አሉ። ነገር ግን በዚያች ሰዓት ስብሰባውም ሙሉ ሰው አላገኘ፣ ለቅሶውም ሙሉ ሰው አላገኘ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለው ተረት ለእኛ ጌጥ ሳይሆን የምንኖርበት ሕግ ነው፤ ሌሊት ምጥ ቢመጣ፣ እሳት ቢነሣ የሚደርሰው እሱ ነው። ፈረንጁ አይገባውም ብላችሁ አትፍረዱበት። ንገሩት። "ጎረቤቴ ሞተዋል፣ በአገራችን ደንብ መቀመጥ አለብኝ፣ እስከ 10 ሰዓት አልገኝም" በሉት። ያ ልጅ በማግስቱ ነግሯቸው ኖሮ፣ ለምን ትናንት አልነገርከንም ብለው አዘኑለት። ብዙ ጊዜ እኛው በልባችን የሳልነው አለቃ ከእውነተኛው አለቃ ይከፋል።

ሁሉም አለቃ ግን እንደዚያ አይደለም፤ በደግነት ብቻ አትታመኑ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይለፍ ይላል። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ጣሪያው ነው። በየሳምንቱ ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል፤ የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። ሠራተኛው ራሱ "የዓመት ፈቃዴን ትቻለሁ" ብሎ ቢፈርም እንኳ ፊርማው ዋጋ የለውም። ትዳር ሲይዝ ወይም የቅርብ ዘመድ ሲሞትበት 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ያገኛል። በቤት ሆኖ ለሌላ ሰው የሚሠራንም ሰው አዋጁ አልረሳውም፤ ራሱን የቻለ የውል ዓይነት አድርጎ አስቀምጦታል። ታዲያ ከእናንተ አብዛኞቻችሁ የምትፈርሙት ውል "ራሱን ችሎ የሚሠራ ተቋራጭ" የሚል ስለሆነ፣ አሠሪውም ባሕር ማዶ ስለሆነ፣ ይህ አዋጅ ደጃችሁ ድረስ መጥቶ አያድናችሁም። አዋጁን የምነግራችሁ በውላችሁ ላይ ምን ማስጻፍ እንዳለባችሁ እንድታውቁበት ነው። በበዓላችን ቀን፣ በገናና በፋሲካ፣ በዒድና በመውሊድ አልሠራም ብላችሁ አስጽፉ። ከዚህ ሰዓት በኋላ ለሚመጣ መልእክት የምመልሰው በማግስቱ ነው ብላችሁ አስጽፉ። ፈረንሳዮች ይህን ከጥር 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ አድርገውታል፤ 50ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ከሥራ ሰዓት ውጭ ስልክና ኢሜይል ስለሚዘጋበት ሁኔታ ከሠራተኞቹ ጋር መደራደር አለበት። ከመፈረም በፊት መጠየቅ አያሳፍርም። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው በዶላርም ይደርሳል።

ለገላችሁም እዘኑለት። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በ2016 በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ በመሥራት ምክንያት በስትሮክና በልብ ሕመም 745,000 ሰው እንደሞተ ገምተዋል። ሁለት ሥራ ደርባችሁ የያዛችሁ አላችሁ፤ ቀን ለአንዱ፣ ሌሊት ለሌላው። ሰዓቱን ደምሩት፤ ከ55 ስንት እንደሚያልፍ ራሳችሁ ታዩታላችሁ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ለአንድ ክፉ ወቅት፣ ዕዳ ለመክፈል፣ በሽተኛ ለማሳከም ከሆነ ይገባኛል፤ ማብቂያ ቀን ቁረጡለትና ለቤተሰባችሁ ንገሩ። ማብቂያ ከሌለው ግን ተዉት።

አሁን ደግሞ ትርፍ ጊዜያችሁን እንመልከት፤ ብዙ የማዝነው እዚህ ላይ ነው። የተረፈቻችሁን ጥቂት ሰዓት ራሷን ሥራ አደረጋችኋት። የእግር ጉዞ ስትወጡ ርምጃ ትቆጥራላችሁ። መጽሐፍ ስታነቡ በዓመት ስንት ጨረስኩ ትላላችሁ። ትምህርቱን በእጥፍ ፍጥነት ታዩታላችሁ። ልጃችሁን እያጫወታችሁ በጆሯችሁ ስለ ስኬት የሚናገር ሰው ታዳምጣላችሁ፤ ልጁ ጥያቄ ሲጠይቅ ሁለቴ ካልደገመ አይሰማም። "እንዴት ነህ?" ስትባሉ "ቢዚ ነኝ" ትላላችሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ማለት ቀርቶ። የቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ ነው። ዕውቀትን አልጠላም፤ ራስን ማሻሻልም መልካም ነው። ነገር ግን ለምንም ነገር የማይጠቅም ሰዓት ይኑራችሁ፤ ውጤት የማይጠየቅበት። ከመገናኛ ወደ ቦሌ የሚወስደው የእግረኛ መንገድ በኮሪደር ልማቱ ሰፍቶላችኋል፤ ማታ ማታ ስንቱ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ይንሸራሸርበታል። እናንተም ውጡ፤ ስልኩን ቤት ትታችሁ። ካፌ ስትቀመጡ አንዳንድ ቀን ላፕቶፕ ሳትይዙ ተቀመጡ። ማኪያቶው እስኪያልቅ መንገደኛውን እዩ። ከአባታችሁ ጋር ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ ሽማግሌ ወሬ የሚጀምረው ከዝምታ በኋላ ነው፤ እናንተ ዝምታው ሳያልቅ ትነሣላችሁ። ስለ አያቶቻችሁ ልንነግራችሁ ያሰብነው ብዙ ነገር በዚህ ምክንያት ይዘነው ቀርተናል።

ወላጆችና ጎረቤቶች፣ ለእናንተም ቃል አለኝ። በሩ የተዘጋው ልጅ ሥራ ላይ ነው። እስከ 6 ሰዓት የተኛው ሌሊቱን ሠርቶ ነው፤ አትሙት። ገበያ ከመላካችሁ በፊት የሥራ ሰዓቱን ጠይቁት፤ መቼ እንደሚያበቃ ካወቃችሁ ሲያበቃ መጥራት ትችላላችሁ። "የእነ እገሌ ልጅ ሁለት ሥራ ይዟል" እያላችሁ አታነጻጽሩ፤ ያ ልጅ ሲተኛ ያየው የለም። ሲያርፍም እንደ ጥፋት አትቁጠሩበት፤ ልጁ ሳይታዘዝ ወንበር ስቦ ሲቀመጥ "ሥራ የለህም እንዴ?" አትበሉት፤ ያንን ወንበር ስቦ እስኪቀመጥ ስንት ወር እንደፈጀበት አታውቁም።

በዕድራችንም በኩል ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የማቀርበው አለኝ። እስካሁን ወጣቶች ድንኳን የሚተክሉት ማለዳ ነው፤ ሌሊት ሠርቶ 10 ሰዓት ላይ የተኛ ልጅ በ12 ሰዓት አይነሣም፤ ሲቀር ይቀጣል፣ ሲቀጣ ይርቃል። ሌሊት የምትሠሩት ተራችሁ ከሰዓት በኋላ ድንኳኑን በመንቀልና ወንበሩን በመመለስ፣ ለቀስተኛውንም በማስተናገድ ይሁን ብዬ ልጠይቅ ነው። ደንቡ እንዲሻሻል ግን ቁጥራችሁ መታወቅ አለበት። ስለዚህ በየብሎኩ ያላችሁ ሁሉ ስማችሁን፣ የምትሠሩበትን ሰዓትና የመረጣችሁትን የዕረፍት ቀን ለጸሐፊያችን አስመዝግቡ።